ያለፉትን ስትነግሩን የገቡትንም ንገሩን

የምዝገባ ሰሞን ሲደርስ በእኛ በሀዲያና በከምባታ፣ በሆሳዕናም በዱራሜም በሾኔም በግል ትምህርት ቤቶች አጥር ላይ ባነር ይሰቀላል፤ የሚኒስትሪ ተፈታኞቻችን መቶ በመቶ አለፉ ይላል። ወላጅ ይህን አይቶ ልጁን ቢያስመዘግብ አልፈርድበትም። የሚከነክነኝ ባነሩ የማይናገረው ቁጥር ነው። ከስንት ልጅ ነው መቶ በመቶ ያለፈው? በመግቢያ ፈተና የተመለሱት ስንት ናቸው? ሰባተኛ ክፍል ላይ መሸኛ ተሰጥቷቸው የሄዱትስ?

የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ መርጦ አይቀበልም። ከሌሞ ገጠር በእግሩ የሚመጣውን፣ ዘመድ ቤት ተጠግቶ እየሠራ የሚማረውን፣ እንሰት ሲፋቅ እናቷን ለማገዝ የምትቀረውን ሁሉ ያስተምራል። የቋንቋው ነገርም አለ። በቀድሞው ደቡብ ክልል ለዓመታት ልጆች የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በሀዲይሳ ወይም በከምባቲሳ ተምረው፣ አምስተኛ ክፍል ሲደርሱ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆንባቸው ነበር። ከኬጂ ጀምሮ እንግሊዝኛ የለመደ የከተማ ልጅና ይህ ልጅ አንድ ፈተና ሲፈተኑ፣ የውጤታቸው ልዩነት የመምህራኖቻቸው ልዩነት ብቻ ነው ማለት ግፍ ነው። በሆሳዕና ያለው የመካነ ኢየሱስ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት የሚሠራውንስ ሥራ በየትኛው የደረጃ ሰንጠረዥ ልንለካው ነው?

በእኛ አካባቢ ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ስደት አለ። ከአንድ ቤት ታላቁ ትምህርቱን አቋርጦ ይሄዳል፤ እሱ በሚልከው ገንዘብ ታናሹ የግል ትምህርት ቤት ይገባል። ታናሹ ሲያልፍ ስሙ ባነር ላይ ይወጣል። ታላቁ ግን እንደወደቀ እንኳ አይቆጠርም፤ ፈተናው ላይ አልተቀመጠማ! በዚሁ የስደት መንገድ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን በጭነት መኪና ኮንቴይነር ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። ለሀዲያና ለከምባታ ቤተሰብ ይህ መንገድ የሩቅ ወሬ አይደለም። በየዓመቱ ከክፍል የሚጠፉትን ወንዶች ልጆች ያልቆጠረ የትምህርት ሪፖርት ስለዚህ አካባቢ ምን ነገረን ይባላል?

በአገር አቀፍ ደረጃም በ2015 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ያን ጊዜ ወሬው ሁሉ ስለ ዜሮዎቹ ሆነ። በእነዚያ ክፍሎች የተቀመጡት የማን ልጆች እንደሆኑና የመጀመሪያዎቹን ስምንት ዓመታት በምን ሁኔታ ተምረው እንደመጡ ግን ብዙም አልተነሳም።

ለንጽጽር ያህል፣ አሜሪካ ውስጥ ቻርተር የሚባሉ፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደሩ ግን በራሳቸው ቦርድ የሚመሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ የመጀመሪያውን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣችው ሚኒሶታ ናት። ተማሪ እየመረጡ ይወስዳሉ የሚለው ክስ እዚያም አለ። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ በአገሪቱ ሕግ ትምህርት ቤቶች ውጤታቸውን ሲያሳውቁ የድሆችን፣ የአካል ጉዳተኞችንና እንግሊዝኛ ገና የሚማሩትን ልጆች ውጤት ለይተው ማሳየት አለባቸው። ወላጅ ቢያንስ ማን ከማን ጋር እንደተወዳደረ ያያል።

ለእኛ እንዲህ ለይቶ ማሳወቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ቁጥሩ በየትምህርት ቤቱ ሮስተር ላይ አለ። የሆሳዕና ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ሆነ የዞን ትምህርት መምሪያዎች ዘንድሮ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ውጤት ሲለጥፉ፣ ለግሉም ለመንግሥቱም አራት ቁጥር ጎን ለጎን ያስቀምጡ፦ አንደኛ ክፍል የገቡ፣ መሸኛ የወሰዱ ወይም ያቋረጡ፣ የተፈተኑ፣ ያለፉ። ወላጆችም ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት እነዚህን አራቱን ጠይቁ።