ኬላ ጠባቂው ሠዓሊና «የመርካቶ ሥዕል»

በሥዕል ጥበብ ዙሪያ በሚደረጉ ውይይቶች ዘወትር የሚደመጥ አንድ አነጋገር አለ፤ ይኸውም «ይህማ የመርካቶ ሥዕል ነው» የሚለው ነው። ተናጋሪው ብዙውን ጊዜ በሥዕል ትምህርት ቤት ያለፈ፣ ስለ ሴዛንና ስለ ጎጌን አጥርቶ የሚያስረዳ ሰው ነው። አነጋገሩ የቦታ መጠሪያ ይምሰል እንጂ በመሠረቱ ፍርድ ነው፤ ሥዕሉ ሠሪው የማይጠየቅለት፣ ለአገር ጎብኚ የተደረደረ ሸቀጥ ነው ማለት ነው። ይህን ፍርድ ለመሻር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ፈራጁ ራሱ ከሚያደንቃቸው ፈረንሳውያን መካከል ምስክር ይገኛል።

ሄንሪ ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1844 ላቫል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቆርቆሮ ሠሪ ነበር፤ ምናለሽ ተራን የሚያውቅ አንባቢ የዚያን ቤት የመዶሻ ድምፅ መገመት አያቅተውም። ከ1871 ጀምሮ ሩሶ ወደ ፓሪስ ከሚገባው ሸቀጥ ላይ ቀረጥ በሚሰበስበው መሥሪያ ቤት ተቀጠረ፤ በእኛ አነጋገር ኬላ ጠባቂ ሆነ። ሥዕልን ያስተማረው ትምህርት ቤት የለም። በ1886 መራጭ ዳኞች በሌሉበት የነፃ ሠዓሊዎች ትርኢት ላይ ሥራዎቹን ማሳየት ጀመረ፤ ሐያስያንም ሳቁበት። ነብር በማዕበል መካከል፣ አንበሳ በደን ውስጥ ሲሥል ከፈረንሳይ ምድር ወጥቶ አያውቅም፤ ያንን ሁሉ ዱር ያገኘው ከፓሪስ የዕፅዋት አትክልት ሥፍራና ከሥዕላዊ መጻሕፍት ነው። በ1897 የሠራውን «የተኛችው ጂፕሲ» የተባለ ሥዕል የትውልድ ከተማው እንድትገዛው ለከንቲባው ቢጽፍ ሳይቀበሉት ቀሩ። በ1908 ደግሞ ወጣቱ ፒካሶ የሩሶን አንድ ሥዕል ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ በ5 ፍራንክ ገዛ፤ ነጋዴውም የሸጠለት ሸራውን ሌላ ሥዕል ሊሠራበት ይችላል በሚል ሐሳብ ነበር። ሩሶ በ1910 በድህነት ሞተ። ላቫል ያልፈለገችው ሥዕል ከ1939 ጀምሮ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

እንግዲህ በአሮጌ ዕቃ መካከል የተገኘን ሸራ የዘመኑ ታላቅ ሥራ ነው ብሎ የሚያስተምር መምህር፣ አውቶቡስ ተራን አቋርጦ መርካቶ ሲገባ ዓይኑን የሚጨፍነው በምን ሕግ ነው?

የእኛ ገበያ ሥዕል የራሱ ታሪክ አለው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓሊዎች የዐድዋን ጦርነት፣ የንግሥተ ሳባን ታሪክ፣ ግብርንና አደንን በሸራና በአቡጀዲ ላይ ይሥሉ ነበር። ገበያው ያኔ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፤ በወረራው ዘመን ጣሊያኖች የአገሬውን ሕዝብ ከአውሮፓውያን ለመለየት ባወጡት ፕላን መሠረት ወደ ዛሬው አዲስ ከተማ አዛወሩት። የንግሥተ ሳባ ታሪክ ብዙውን ጊዜ በ44 ትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ ይሣላል። ወገን ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ጠላት በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። ንጉሡ ከጭፍራው ይገዝፋል። ትምህርት ቤት ገቦቹ «መጠን አያውቁም» የሚሉት ይህንን ነው። ነገር ግን ይህ አለማወቅ ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የተወረሰ ሕግ ነው። ላይ ላዩን «ያልሠለጠነ» የሚለው ቃል ከእኛዎቹ ይልቅ ለሩሶ ይቀርባል፤ እርሱ የአካዳሚውን ጌቶች መምሰል እየተመኘ አልሆነለትምና። የእኛ ሠዓሊዎች ግን የሚከተሉትን ያውቁ ነበር።

ተቃዋሚዬ «ዛሬ የሚሸጠው አብዛኛው ግልባጭ ነው» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ አብዛኛው ግልባጭ ነው፤ መጥፎ ግልባጭም ሞልቷል። ግን ግልባጩን ከሥራው ለመለየት ቀርቦ ማየት ይጠይቃል፤ «የመርካቶ» ብሎ ማለፍ ይህን ድካም ያስቀራል።

ከናቂዎቹ ባልተናነሰ የሚያስቸግሩት ግን አወዳሾቹ ናቸው። «የሰፊው ሕዝብ ጥበብ» እያሉ በየስብሰባው ያሞግሱታል፤ ሕዝብ ሠራው ይላሉ። ሕዝብ ብሩሽ አይጨብጥም! የጨበጠው አንድ ሰው ነው፤ ቀለም የገዛበት ብር፣ የተማረበት ደብር፣ የሚታወቅበት መስመር አለው። ናቂው ስሙን ለመጠየቅ ይንቃል፤ አወዳሹ ስሙን በሕዝብ ስም ይሸፍናል፤ ሠዓሊው በሁለቱም ዘንድ ስም አልባ ሆኖ ይቀራል። ፓሪስ ተምረው ስለተመለሱት ስለ አገኘሁ እንግዳ፣ በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ስለ መሠረቱት ስለ ዓለ ፈለገ ሰላም ስንናገር በስማቸው ነው፤ ይገባቸዋልም። በገበያው ለኖሩት ይህ ለምን ይቀርባቸዋል?

ጉዳዩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። የሠዓሊውን ስም የሚያውቀው ሥራ ያዘዘው ነጋዴ ነው፤ ይህም እውቀት ያለው በቃልና በሱቅ ደብተር ነው። የመርካቶ አሮጌ ሱቆች ለፎቅ ቦታ እየለቀቁ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ሸማ ተራ ላይ የተነሣው እሳትም በአንድ ሌሊት ምን ያህል ንብረት እንደሚጠፋ አሳይቷል። የሱቅ ደብተርም ይቃጠላል።

ስለዚህ የሥዕል መምህራን ተማሪዎቻቸውን ለአንድ ቀን እንኳ ከስድስት ኪሎ ወደ አዲስ ከተማ ይላኩ፤ ሥዕል ለመቅዳት ሳይሆን ስም ለመመዝገብ። ለየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ሥዕል የሚገዙ ኮሚቴዎችም ደረሰኝ ላይ የሻጩን ስም ብቻ አይቀበሉ። ሠዓሊው ማን ነው? የት ተማረ? መቼ ሠራው? መልሱን ከሸራው ጀርባ በእርሳስ ይጻፉት።