የውሃ ቱቦም ማስተንፈሻ ያሻዋል



ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና ምድር አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከከሸፉ ወዲህ፣ ስለ ቆላው ከተሞች ውሃ ሲወራ የሚቈጠረው የተቈፈረው ጉድጓድ ነው። የቦረና ሰው በጥንቱ የቱላ ጉድጓድ ተራ የሚያስጠብቅ አባ ሄሬጋ አለው፤ ለቱቦው ግን ጠባቂ የተሾመለት አይመስልም።

በአንዲት የአካባቢያችን ከተማ የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ አንጠባጠበ ተብሎ ተደፈነ። መብራት በድንገት ሲጠፋ ፓምፑ ቆመ፤ ሽቅብ ይሄድ የነበረው ውሃ ተመልሶ ቱቦውን መታው፤ ቱቦውም ፈነዳ። ሳምንቱን ሙሉ እኩሌቶቹ ተማሪዎቼ፣ ይልቁንም ሴቶቹ፣ ጀሪካን ተሸክመው ሲንከራተቱ ዋሉ።

ሒሳቡ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አይከብድም። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት አለው። ቱቦው 10 ባር የሚችል ቢሆንና መሥመሩ ከፓምፑ 20 ሜትር ዝቅ ብሎ ሸለቆ ቢሻገር፣ በሸለቆው ያለው ግፊት ከፓምፑ ዘንድ ካለው 2 ባር ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ከፓምፑ አጠገብ የሚተከለው ማስተንፈሻ ከ8 ባር በላይ ሊስተካከል አይገባውም። ከዘወትሩ የሥራ ግፊት ጋር እኩል ቢደረግ ደግሞ ሲያንጠባጥብ ይኖራል፤ የሚደፍነውም ሰው አይጠፋም። በእርሱና በቱቦው መካከል መዝጊያ አይግባ፤ የሚተፋውም ውሃ ሰው በሚያየው ስፍራ ይፍሰስ።

ይህን መጻፌ፣ በየጽሕፈት ቤቱ የርክክብ ሰነድ የሚፈርሙ ወንድሞችና እኅቶች ከመፈረማቸው በፊት «ማስተንፈሻው የት ተተከለ? በስንት ባርስ ተስተካከለ?» ብለው በወረቀቱ ላይ እንዲያስጽፉልን ነው።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከነገሌ ቦረና