እንግሊዝኛን ለማስተማር ወይስ በእንግሊዝኛ ለማጣራት?



በአገራችን በተግባራዊ ሥነ ልሳንና በእንግሊዝኛ ቋንቋ ማስተማር የሠለጠነ ምሁር ማዕረጉ የሚያድገው ስለ ኢትዮጵያዊው ተማሪ በእንግሊዝኛ እየጻፈ ነው። ጽሑፉን የመጽሔት ገምጋሚዎች ያነቡታል፤ በሳቢያን ወይም በመልካ ጀብዱ ጠመኔ ለጨበጠው መምህር ግን እምብዛም አይደርሰውም። ታዲያ ይህ ሙያ የሚያገለግለው ማንን ነው? ጥያቄው የምሁራን የውስጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የፖለቲካም ጥያቄ ነው።

ድሬዳዋ ለዚህ መልካም ማስረጃ ናት። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ወደዚህች ስፍራ ሲደርስ የክብርና የእንጀራ ቋንቋ ሆኖ የገባው ፈረንሳይኛ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ወንበሩን ተረከበ። ፈረንሳይኛን ያስገባው ሐዲዱ፣ እንግሊዝኛንም ያነገሠው የዘመኑ የኃይል አሰላለፍ ነው እንጂ፣ የትኛው ቋንቋ ለሕፃን አእምሮ ይስማማል ብሎ የመረመረ ጥናት አልነበረም። በዚህ ሁሉ ዘመን የመጋላና የከዚራ ልጅ ኦሮምኛውን፣ ሶማልኛውንና አማርኛውን እያፈራረቀ ይገበያያል፣ ይጫወታል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራልና፣ ትምህርት ቤቱ ይህን ችሎታ እንደ ዕውቀት ሲቆጥርለት አይታይም።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃንና ከፍተኛ ትምህርትን በእንግሊዝኛ አደረገ። በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ ጥናት፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት በተጠናከረባቸው ክልሎች የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ጭምር የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳየ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ጦርነት አለ፤ የተንሰራፋ ኩረጃ ነበረ፤ ሁሉንም በቋንቋ ላይ መከመር ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገር ግን ፊዚክስ የወደቀው ተማሪ ፊዚክሱ ጠፍቶት ይሁን ጥያቄው ሳይገባው ቀርቶ፣ ከመልስ ወረቀቱ ለይቶ ማወቅ የሚችል ማነው?

እንግሊዝኛ የዓለም በር ነው የሚሉ ወገኖች እውነት አላቸው። በሩን የሚከፍተው ግን እንግሊዝኛን በሚገባ ማስተማር እንጂ ሁሉንም ነገር በእንግሊዝኛ ማስተማር አይደለም። ባለጸጋው ልዩነቱን በገንዘቡ ይሸፍነዋል፤ ልጁን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በውድ የግል ትምህርት ቤት ያስተምራል። የታይዋን ገበያ ቸርቻሪዋ ልጅ ግን እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ በሚሆንበት ዓመት ከግድግዳ ጋር ይላተማል። ቋንቋው ማስተማሪያ መሆኑ ቀርቶ ማጣሪያ ወንፊት የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ወደ እንግሊዝኛ የሚደረገው ሽግግር በአንድ ክረምት የሚዘለል ገደል መሆኑ ቀርቶ፣ በሁለት ቋንቋ የተዘጋጁ መጻሕፍትና የቃላት መፍቻዎች ያሉት ድልድይ ይሁን። ሁለተኛ፣ የዩኒቨርሲቲዎቻችን የማዕረግ ደንብ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ለመምህራን የሚጻፈውን ሥራ ከውጭ መጽሔት ጽሑፍ እኩል ይመዝን። ያን ጊዜ ምሁሩ ለዕድገቱ ሲጽፍ ለተማሪውም ይጽፋል።