«አይስማማኝም» ማለት ምግብ መናቅ አይደለም

የምሳ ሰዓት ሲደርስ የግቢያችን ተማሪ ከሁለት ይከፈላል። የሚበዛው ወገን ሳህኑን ይዞ ከሰልፉ ይገባል፤ ጥቂቱ ግን ከበሩ ቆሞ በልተው የሚወጡትን «ዛሬ ወጡ ምንድን ነው?» እያለ ይጠይቃል። ይህ ሁለተኛው ወገን ቁጥሩ አነስተኛ ስለ ሆነ ድምፁ አይሰማም። ዳሩ ግን እርሱም የማኅበራችን አባል ነውና ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንጽፈው ስለ እርሱ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አባቶቻችንና እናቶቻችን «ይህ እህል አይስማማኝም» ሲሉ ኖረዋል፤ ሳይንስም ምክንያቱን ለይቶ አስረዳ እንጂ ቃላቸውን አልሻረውም። ወተት የማይስማማው ሰው፣ ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር የሚያልምበት ኢንዛይም ከልጅነቱ በኋላ ያነሰው ነው፤ በዓለም ካሉት ዐዋቂዎች ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት እንዲሁ ናቸው። ጂ ሲክስ ፒ ዲ የተባለው ኢንዛይም በደሙ የጎደለው ሰው ደግሞ ባቄላ ቢበላ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ሊፈርሱ፣ ዐይኑ ቢጫ ሊሆን፣ ሽንቱም ሊጠቁር ይችላል። ሴሊያክ የተባለው በሽታ ያለበትን ሰው በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኘው ግሉተን አንጀቱን ይጎዳዋል። ቪለም ዲኬ የተባሉ የኔዘርላንድ የሕፃናት ሐኪም ይህን አስቀድመው ጠርጥረው ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ዳቦ በጠፋ ጊዜ የታመሙት ሕፃናት ሲሻላቸው፣ ዳቦ ሲመለስም በሽታው ሲመለስ አይተው ጥናታቸውን በ1950 እ.ኤ.አ. አቀረቡ። እንግዲህ ሳህኑን ሳይነካ የሚመልስ ተማሪ ሁሉ ቅብጥ ነው ማለት ከእውቀት የራቀ ፍርድ ነው።

ከዚህ ላይ የሚያስገርም ነገር አለ። ጤፍ ግሉተን የለበትም። በአውሮፓና በአሜሪካ ጤፍን በውድ ዋጋ የሚገዙት ብዙዎቹ ስለዚሁ ነው። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ መብት ይዞ ኖሮ፣ የሄግ ፍርድ ቤት መብቱን በ2011 ዓ.ም. ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ ሲያከራክር ነበር። ባሕር ማዶ ይህን ያህል የተሟገቱበት እህል በሚበቅልበት አገር፣ በአዲስ አበባ መካከል፣ ስንዴ የማይስማማው ተማሪ የቀረበለት እንጀራ በእርግጥ ጤፍ መሆኑን ለማወቅ አይችልም! ጤፍ ስለ ተወደደ ብዙ ጋጋሪ ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ ወይም ሩዝ ይቀላቅላል። መቀላቀሉ በራሱ ነውር አይደለም፤ ማሽላውና ሩዙም ለዚህ ተማሪ አይጎዳውም። ስንዴና ገብስ ሲሆን ግን ያገኘዋል። እርሾውም ከቀደመው ሊጥ የሚወሰድ ስለ ሆነ የትናንቱ ስንዴ ለዛሬው ጤፍ ይተርፋል።

«ታዲያ ውጭ ወጥቶ ይብላ» የሚል አይጠፋም። ጦር ኃይሎች በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር የምዕራብ መጨረሻ ነውና ሰውም ምግብ ቤትም የሚበዛበት ሰፈር ነው። ነገር ግን ተማሪ በአቅሙ የሚያገኘው ምንድን ነው? ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ እርጥብ፣ ሳንቡሳ፣ ፉል በዳቦ፣ ሽሮ። ስንዴ የማይስማማው አምስቱን ትቶ ከሽሮው ይደርሳል፤ እዚያም የእንጀራው ጥያቄ ይጠብቀዋል። ባቄላ የማይስማማው ፉሉን ትቶ ሽሮው ከምን እንደ ተፈጨ ይጠይቃል፤ ሽሮ ከአተርም ከሽንብራም ከባቄላም ይዘጋጃልና። አስተናጋጁም «ሽሮ ነዋ!» ብሎ ይመልስለታል።

ከዚህም በላይ የምንበላው ምግብ ምጽዋት አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በሚሠራበት የወጪ መጋራት ደንብ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ የትምህርቱንም በከፊል፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ሊከፍል ይፈርማል። ስለዚህ ምሳውን ሳይነካ የወጣ ተማሪ ያልበላውን ምሳ ዕዳ ተሸክሞ ይሄዳል፤ በዚያኑ ቀን ደግሞ ከኪሱ አውጥቶ ውጭ ይገዛል። አንዱን ምሳ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። ከኪሱ ከሌለውም ጦሙን ከላቦራቶሪ ይገባል። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ሒሳብ ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ማለቱ መልካም ነው። ሆኖም ድስቱ አንድ ብቻ ከሆነ ለዚህ ተማሪ ዕዳው ይጨምርለት ይሆናል እንጂ ምግቡ አይጨምርለትም።

«ለሺህ ሰው የሚሠራ ወጥ ቤት ለእያንዳንዱ ሆድ ድስት ሊጥድ አይችልም» የሚለውን መልስ ሰምተናል። ሠራተኞቹ ከሌሊት ጀምሮ በጭስና በእንፋሎት መካከል እንደሚደክሙ እናውቃለን፤ ይህም ጽሑፍ እነርሱን ለመንቀፍ አልተጻፈም። ይልቁንም ሙያቸውን ምስክር አድርገን እንጠራለን። ይኸው ወጥ ቤት ረቡዕና ዓርብ ለጾመኛው የጾም፣ ለማይጾመው የፍስክ ያዘጋጃል። የክርስቲያኑንና የእስላሙን ሥጋ ለይቶ ይሠራል፤ ጭልፋውን እንኳ አያቀላቅልም። ማንም ይህን ቅብጠት ብሎት አያውቅም፤ መከባበር ነው። ለኅሊና ሲባል ድስት መለየት የቻለ ወጥ ቤት ለጤና ሲባል መለየት አያቅተውም።

ስለዚህ አስተዳደሩን የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በምግብ አዳራሹ በር ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሎ የዕለቱ ወጥና እንጀራ ከምን እንደ ተሠራ በየቀኑ በጠመኔ ይጻፍ፤ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ኦቾሎኒና ሰሊጥ ካለበት በስማቸው ይጠሩ። ሁለተኛ፣ ከሐኪም ወረቀት ላመጡ ተማሪዎች በራሱ እርሾ የተቦካና ለብቻው የተጋገረ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ በተለየ መሶብ ይቀመጥላቸው። ሦስተኛ፣ «ነን ካፌ» ሆኖ ምግቡን በገንዘብ ለመውሰድ የሚመዘገበው በወሰነ ትምህርቱ መጀመሪያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ የሐኪም ወረቀት የያዘ ተማሪ በማናቸውም ጊዜ እንዲዛወር ይፈቀድለት።

መምህራኖቻችንንም እንለምናለን። ይህ ተማሪ የሚስማማውን ፍለጋ ራቅ ብሎ መሄድ አለበትና የላቦራቶሪው ሥራ እስከ ምሳ ሰዓት ማብቂያ ባይጓተትበት መልካም ነው። የባዮኬሚስትሪና የሥነ ምግብ መምህራን ደግሞ አንድ ከሰዓት በኋላ ከወጥ ቤት ሠራተኞች ጋር ቢነጋገሩ፣ እነርሱም ስለ እርሾና ስለ ድስት የሚያስተምሩን አያጡም።

ለእናንተም፣ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ የምንለው አለን። ጓደኛችሁ ጉርሻችሁን ሲመልስ ፍቅራችሁን መመለሱ አይደለምና አታስገድዱት፤ «አመለኛ» እያላችሁም አትሳቁበት። የማይስማማችሁ እህል ያለባችሁም የሆድን በሆድ ይዞ መቅረት ይብቃ። ሐኪም ዘንድ ቀርባችሁ ተመርመሩ፤ ስማችሁንም ለማኅበሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ፤ ቁጥራችሁ ሳይታወቅ ስለ እናንተ መከራከር አይቻልምና። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኛ ግን የምንጠይቀው ሹመት ሳይሆን አንድ ሰሌዳ፣ አንድ መሶብና አንድ ፊርማ ነው።