ጎርፍ ያፈረሰውን መንገድ በጊዜው ስለ መመርመር

የመንገድ ጥቅም ይበልጥ የሚታወቀው በተቈረጠ ጊዜ ነው። ወንዝ ሞልቶ ድልድዩን የጣለው እንደ ሆነ እህሉ ከጎተራ ወጥቶ ከገበያ አይደርስም፤ ማዳበሪያውም የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ ይመጣል፤ ምጥ የያዛትም ሴት በቃሬዛ ትጓዛለች።

በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ማለቂያ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎች እንደ ፈጀ፥ በዚያው ክረምትም ርብና ጉማራ ከመሄጃቸው ወጥተው የፎገራን ሜዳ እንዳጥለቀለቁ እናስታውሳለን። እንዲህ ያለ መዓት በወረደ ጊዜ አስቀድሞ የሞተውን ሰው መቍጠር የተገባ ነው። ዳሩ ግን የመንገዱ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚመረመረው በጥቅምት፥ ጭቃው ደርቆ ምልክቱ ሁሉ ከጠፋ በኋላ መሆኑ አገርን ይጎዳል።

ምክንያቱም ይህ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ጎርፉም የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው። እንግዲህ ውሃው መንገዱን ሲያፈርስ የዓመቱ ገንዘብ አስቀድሞ ተደልድሏል። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 66 የመንገድ ፈንድ የተቋቋመው ከነዳጅ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለመንገድ ጥገና እንዲውል ነበር፤ ነገር ግን ጥገና ሌላ፥ በአንድ ሌሊት የፈረሰውን እንደ ገና መሥራት ሌላ ነው። ስለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ የሚለምን ወረዳ ጉዳቱን በልክ ማስረዳት ይገባዋል። «መንገዳችን እጅግ ተጎድቷልና እርዳታ ይደረግልን» የሚል ደብዳቤ ለሚያነበው ሹም ምንም አይነግረውም። የተወሰደው ስንት ሜትር ነው? ጠጠሩ ብቻ ነው ወይስ ከሥሩ ያለው አፈር ጭምር? ቱቦው ተደፈነ ወይስ ተሰበረ? የድልድዩስ መሠረት ተቦርቡሯል?

«መጀመሪያ መንገዱ ይከፈት፥ ልኩ በኋላ ይደርሳል» የሚሉ አሉ። የቸኰሉበት ነገር እውነት ነው፤ ሕዝብ ተዘግቶበት መቀመጥ አይችልም። ነገር ግን ጕድጓዱ በአፈር ከተደፈነ በኋላ ጥልቀቱን ማን ይመሰክራል? ውሃው በዛፍና በግንብ ላይ ያስቀረው ምልክትም በሚቀጥለው ዝናም ይታጠባል። ሜትርና ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ የያዙ ሁለት ሰዎች ይህን በግማሽ ቀን ይፈጽሙታል።

የውሃውን ከፍታ መለካት ለሌላም ነገር ይጠቅማል። ውሃ አልችል ብሎ የፈረሰውን የ60 ሳንቲሜትር ቱቦ በዚያው በ60 መተካት ለሚመጣው ጎርፍ ማዘጋጀት ነው። 90 ሳንቲሜትር ቢሆን ግን አፉ ከእጥፍ በላይ ይሰፋል።

ባለይዞታዎችም ቅር እንዳይላችሁ፤ ጥፋቱ ሁሉ ከሰማይ አይደለም። የመንገዱን ቦይ አርሶ የደፈነ፥ የማሳውንም ውሃ ወደ መንገዱ የለቀቀ ሰው ብዙ ነው። መርማሪው ይህን አይቶ ዝም ቢል ገንዘቡ መጥቶ የተሠራው መንገድ በዚያው ስፍራ እንደ ገና ይፈርሳል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ከጎርፉ በፊት ያረጀውን መንገድ ጎርፍ አፈረሰው ብሎ መጻፍ ነው፤ አንድ ጊዜ ሐሰቱ የተገለጠበት ወረዳ በእውነት በተጎዳ ጊዜ የሚያምነው አያገኝም። ስለዚህ በየዓመቱ በሰኔ፥ ዝናሙ ሳይበረታ፥ ድልድዩና ቱቦው ሁሉ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ቀኑ ተጽፎበት በወረዳው መዝገብ ይቀመጥ።