ትንሽ ጎማ፣ ረጅም መንገድ

«ጎማው ትንሽ ስለሆነ እግር በከንቱ ይለፋል» የሚሉን ሰዎች ጥርሱን ቆጥረው አያውቁም። ታጣፊው ብሮምፕተን ጎማው 16 ኢንች ነው፤ ግን ከፊት 50፣ ከኋላ 13 ጥርስ ሲገጠምለት ፔዳሉ አንዴ ሲዞር አምስት ሜትር ያህል ይሄዳል። በ90 ሰዓት 1,200 ኪሎ ሜትር የሚጠይቀውን የፓሪስ–ብሬስት–ፓሪስ ጉዞ በዚሁ ብስክሌት የጨረሱ አሉ።

ጉድጓድ ላይ ያንገጫግጫል፣ ጎማውም ቶሎ ያልቃል፤ አልክድም። ግን ለንደን ውስጥ በጠባብ የኪራይ ክፍል የምንኖር፣ ብስክሌት ውጭ ለማሳደር የምንፈራ እኛው ነን «ትልቅ ሰው በልጅ ብስክሌት!» ብለን የምንስቀው? ይህ እኮ አልጋ ሥር ይገባል። የምድር ባቡሩ በሥራ መግቢያ ሰዓት ትልቁን ብስክሌት ሲከለክል የታጠፈውን አይከለክልም። ቅዳሜ ጠዋት ብራይተን ድረስ 87 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዱታል፤ ማታ እግር ሲዝል አጥፈው በባቡር ይመለሳሉ።