ፎርማት ከመደረጉ በፊት

አምቦ፣ ጉደር ወይም ግንጪ ላይ አልከፍት ያለ ላፕቶፕ ይዞ ወደ ኮምፒውተር ቤት የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው መፍትሔ አንድ ነው፤ ፎርማት ይደረግ። ባለላፕቶፑም ሌላ መንገድ ያለ ስለማይመስለው እሺ ብሎ ይሄዳል። ማታ ሲመለስ ማሽኑ እንደ አዲስ ተነሥቶ ይጠብቀዋል፤ የሁለት ዓመት ሥራው ግን የለም። ይህ ልማድ መቅረት አለበት። በተለይ ዊንዶውስና ሊኑክስ ጎን ለጎን የተጫኑበት ኮምፒውተር ከአፕዴት በኋላ አልነሣ ሲል ፎርማት የሚያስፈልግበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው።

እንዲህ ዓይነት ባለ ሁለት ሲስተም ላፕቶፖችን በተማሪዎች እጅ ደጋግሜ አያለሁ፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋዊ መስፈርቱ ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የተሠሩትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከሞላ ጎደል አይቀበልም። ያገለገለ ላፕቶፕ ከአዲስ አበባ ገዝቶ የመጣ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ታዲያ ምን ያድርግ? ከሊኑክስ ዓይነቶች ኡቡንቱን ወይም ሊኑክስ ሚንትን ከዊንዶውሱ አጠገብ ይጭናል። ደግ አደረገ። ጣጣው የሚመጣው ከወራት በኋላ፣ አፕዴት ባደረገ ማግስት ነው። ላፕቶፑን ሲያበራው ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ይደረደርና ቀጥ ይላል፤ ከጽሑፉ መሐል «ከርነል ፓኒክ» የሚል ይነበባል።

ከርነል የሲስተሙ እምብርት ነው፤ ፕሮሰሰሩን፣ ሚሞሪውንና ዲስኩን ከፕሮግራሞቹ ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው። የሊኑክስን ከርነል የሄልሲንኪው ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ለዓለም ያስታወቀው በነሐሴ 1983 ዓ.ም.፣ እዚህ ደርግ ከወደቀ ገና ሦስት ወር ሳይሞላ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መታደሱን አላቋረጠም። ኡቡንቱ አዲስ ከርነል ሲጭን አሮጌውን ወዲያው አያጠፋም፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጣቸዋል። ትናንት ሲሠራ የነበረው ከርነል ዛሬም እዚያው ዲስክ ላይ አለ ማለት ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ ሁሉም ሰው ቢያውቅ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ በተረፈ!

ኮምፒውተሩ ሲበራ ኡቡንቱ ወይስ ዊንዶውስ ብሎ የሚጠይቀው ማውጫ ግራብ ይባላል። ከኡቡንቱ ቀጥሎ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚል መስመር አለ፤ ብዙ ሰው ነክቶት አያውቅም። እሱ ሲከፈት ከርነሎቹ በየቁጥራቸው ተደርድረው ይታያሉ። ከአዲሱ በታች ያለውን፣ «ሪከቨሪ ሞድ» የሚል ያልተጻፈበትን መርጦ ኢንተር መጫን ነው። ማውጫው ካልመጣ ማሽኑ ሲነሣ፣ በአሮጌዎቹ ሺፍትን ተጭኖ መያዝ፣ በአዲሶቹ ኢስኬፕን መንካት ያመጣዋል። ጥፋቱ አዲሱ ከርነል ላይ ብቻ ከሆነ ላፕቶፑ በአሮጌው ይከፍታል፤ ፋይሎቹም እንዳሉ ይገኛሉ።

አዲሱ ለምን እምቢ አለ? እኛ አካባቢ መጀመሪያ የምጠረጥረው መብራት ነው። ከርነሉ ዲስኩን ለማንበብ የሚያስፈልገው ድራይቨር ራሱ እዚያው ዲስክ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ ደጅ እንደቀረ ሰው ነው። ለዚህ ሲባል ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባል ትንሽ ጥቅል ይዘጋጅና ከከርነሉ ጋር ሚሞሪ ላይ ይጫናል። ጥቅሉ የሚሠራው አፕዴቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ላይ ልክ በዚያች ሰዓት መብራት ከሄደ ከርነሉ ተጭኖ ጥቅሉ ሳይሠራ ይቀራል። የዳታ ፓኬጅ አልቆ ማውረዱ ቢቋረጥ ግን አያሳስብም፤ ኡቡንቱ በተለመደው አሠራር ሁሉንም አውርዶ ሳይጨርስ መጫን አይጀምርም። ስለዚህ ማውረዱ በማንኛውም ሰዓት ይሁን፤ መጫኑ ግን ባትሪ ሞልቶ ይሁን።

ሌላው መንስኤ የቦታ ማነስ ነው። ለቡት ተብሎ የተለየች ትንሽ ክፍል ያለችበት ዲስክ ላይ ያረጁ ከርነሎች ተጠራቅመው ቦታውን ይሞሉና አዲሱ ጥቅል ተቆርጦ ይቀራል። ለሁለቱም መፍትሔው ተመሳሳይ ነው። በአሮጌው ከርነል ገብቶ ቦታ ካነሰ ትርፍ ከርነሎችን ማስወገድ፣ የተቋረጠውን ጭነት ማስጨረስ፣ ጥቅሉን እንደገና ማሠራት፣ በመጨረሻም የግራብን ማውጫ ማደስ ነው። ለሚያውቀው ሰው ከፎርማት ያነሰ ሥራ ነው። የኤንቪዲያ ካርድ ወይም አንዳንድ የብሮድኮም ዋይፋይ ያለበት ማሽን ከሆነ ደግሞ ድራይቨሩ ለአዲሱ ከርነል እንደገና መሠራት ሊያስፈልገው ይችላል።

ዊንዶውስ ከማውጫው ላይ ሲጠፋም ብዙ ሰው ይደነግጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው የግራብ 2.06 ወዲህ ሌሎች ሲስተሞችን ፈልጎ የሚያገኘው ፕሮግራም ካላበሩት በስተቀር ዝም ይላል። ዊንዶውሱ ቦታው ላይ ነው፤ የጠፋው ስሙ ብቻ ነው።

ጥፋቱ ከዊንዶውስ በኩል የመጣበት ጊዜም አለ። ነሐሴ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት የለቀቀው አፕዴት አሮጌ የግራብ ቅጂዎችን ለማገድ ታስቦ የወጣ ነበር፤ ባለ ሁለት ሲስተም ማሽኖችን እንዳይነካ የታሰበ ቢሆንም በብዙ አገሮች ሊኑክስን እንዳይነሣ አደረገው። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው አንድ ነገር ክፉኛ ተበላሽቷል የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ማንንም ያስበረግጋል። መውጫው ግን አጭር ነበር፤ ያልታመነ ሶፍትዌር ማሽኑን እንዳያስነሣ የሚከለክለውን ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት፣ ሊኑክስ ውስጥ ገብቶ የእገዳውን መመሪያ በአንድ ትእዛዝ መሰረዝ፣ ከዚያ ሴኪዩር ቡትን መልሶ ማብራት። ማይክሮሶፍት ራሱ በአፕዴት ያስተካከለው በግንቦት 2017 ዓ.ም. ነው። እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ፤ ዊንዶውሱ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ሴኪዩር ቡት ከመነካቱ በፊት ባለ 48 አኃዙ የማስመለሻ ቁልፍ እጅ ላይ ይኑር።

የጥገና ልጆቹን አልወቅስም። ሰልፍ አለባቸው፣ ፎርማት ዋጋው ይታወቃል፣ ደንበኛውም ለማታ ይድረስልኝ ይላል። ሆኖም ያ ዲስክ የያዘውን እናስብ። ደንዲና ጀልዱ ገበሬ ማሳ ላይ በእግሩ ዞሮ መረጃ የሰበሰበ የጉደር ግቢ ተማሪ ሥራው ያለው አንድ ቦታ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በዳታ ዋጋ ምክንያት ኢንተርኔት ላይ አላስቀመጠውም። ያን ማሳ በዚያው ክረምት ተመልሶ ሊለካው አይችልም። ማሽኑ ከነጭራሹ እምቢ ቢል እንኳ ሊኑክስን ከፍላሽ አስነሥቶ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይቻላል። የመቅጃውን ጊዜ ደንበኛው ይክፈል፤ ይገባቸዋል።

ልጆቻችን አይችሉትም የሚለኝን አልሰማም። ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ባለችው ወንጪና በወለንጪቲ በ2004 ዓ.ም. አንድ ላፕቶፕ ለእያንዳንዱ ሕጻን የተባለው ድርጅት ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች ሞቶሮላ ዙም ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ ሲስተሙን ሰብረው ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ አበሩት። ያ ታብሌት የሚሠራው በአንድሮይድ ነው፤ የአንድሮይድ ከርነል ደግሞ ሊኑክስ ነው።

የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች በሚማሩበት የሃጫሉ ሁንዴሳ ግቢ ይህ ጥገና በተግባር ቢሰጥ ደስ ይለኛል። ተማሪው ከርነሉን ራሱ ያበላሸው፣ ራሱም ያንሣው። ትምህርቱ ያለ ኢንተርኔት መሰጠቱ ግድ ነው። ግቢው ስሙን የያዘለት ድምፃዊ በተገደለ ማግስት፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገሪቱ የተቋረጠው ኢንተርኔት የተመለሰው ከሦስት ሳምንት ያህል በኋላ ነበር። መፍትሔውን ከኢንተርኔት ብቻ መፈለግ የለመደ ጠጋኝ እንዲህ ባለ ጊዜ እጁ ይታሰራል።

ኮምፒውተር ቤቶቹ ፊልምና ዘፈን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲገለብጡ ይውላሉ። ኡቡንቱንም እንዲሁ መገልበጥ ይቻላል፤ ፈቃዱ ይህን ይፈቅዳል፣ ማንም ሊከለክል አይችልም። 16 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃዋል። አንድ ሰው የግቢ ዋይፋይ ላይ አንዴ ያውርደው፤ ከዚያ ለግንጪውም፣ ለጌዶውም፣ ለባኮውም ኮምፒውተር ቤት ቅጂው ይድረስ።